መርፌው 22 ላይ ሲቆም፦ ከእንጦጦ ግርጌ የኤሲ ጋዝ ፍለጋ ታሪክ

ኮተቤ መንገድ ዳር ካሉት ጋራዦች በአንዱ ውስጥ ነን እንበል። ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለ ኢቬኮ የጭነት መኪና ቆሟል። ሹፌሩ ከሚሌ መመለሱ ነው። ኤሲው ገና ቆላው ሳይጀምር መንፋት ብቻ ሆነ፣ ማቀዝቀዝ እምቢ አለ። መካኒኩ ጌጁን ገጠመ፣ ቫኪዩም ፓምፑን አስነሳና ግማሽ ሰዓት ጠበቀ። መርፌው ከዜሮ በታች እየወረደ ሄዶ 22 ተኩል ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። ስልኩ ላይ የከፈተው የውጭ አገር ቪዲዮ ደግሞ 29 መድረስ አለበት ይላል።

«ያፈሳል ጋሼ» አለ መካኒኩ። «ኮምፕሬሰሩ አልቋል መሰለኝ።»

ሹፌሩ የኮምፕሬሰሩን ዋጋ ሲሰማ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ እርስዎና እኔ ትንሽ ቆም እንበል። መኪናው ሊያፈስ ይችላል፤ ጋዙ ማለቁ ራሱ ማፍሰሱን ይመሰክራል። መርፌው 22 ተኩል ላይ መቆሙ ግን የማፍሰስ ማስረጃ አይደለም። በዓለም ምርጡ ፓምፕ መጥቶ፣ አንዲት ቀዳዳ በሌለችው አዲስ መኪና ላይ ቢገጠም፣ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያ መርፌ 29 አይደርስም። ሊደርስ አይችልም። ምክንያቱ የሚገኘው ጋራዡ ውስጥ ሳይሆን አንድ የፈረንሳይ ተራራ ላይ ነው፣ ያውም በ1648። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተራራ የወጣው ሜርኩሪ

ታሪኩ በጣሊያን ይጀምራል። በ1643 ኢቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ አንድ ጫፉ የተደፈነ የመስታወት ቱቦ በሜርኩሪ ሞልቶ፣ ክፍት አፉን ወደ ታች አድርጎ ሜርኩሪ ባለበት ሳህን ውስጥ መትከል ምን እንደሚያስከትል አሳየ። ሜርኩሪው ሁሉ አይፈስም፤ 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይህ በኢንች 29.9 ነው። ደግፎ የያዘው ከላይ የሚስበው ባዶ ቦታ ሳይሆን ሳህኑ ላይ የሚጫነው የውጭ አየር ነው። ቶሪቼሊ ሰው ከአየር ባሕር ሥር እንደሚኖር ገብቶት ነበር።

ብሌዝ ፓስካል ከዚህ ተነስቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። አየሩ ባሕር ከሆነ፣ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከበላያችን የሚቀረው አየር ይቀንሳል፤ ታዲያ ሜርኩሪውም ዝቅ ማለት የለበትም? ራሱ ተራራ መውጣት ስላልቻለ ለእህቱ ባል ለፍሎረን ፔሪየ ጻፈለት። ፔሪየ መስከረም 19 ቀን 1648 ከክሌርሞን ከተማ ተነስቶ ፑይ ደ ዶም የሚባለውን ተራራ ወጣ። የሄደበትን መንገድ የሚያሳምረው ነገር አለ፤ ሁለተኛ ቱቦ ከታች ገዳም ውስጥ ትቶ፣ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቀው ዋለ። የታችኛው ቱቦ አልተነቃነቀም። የላይኛው ግን 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ።

ሙከራውን ወደ የካ እናምጣው። አንዱን ቱቦ መገናኛ እንተክላለን፤ ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ ነው። ሌላውን ይዘን እንጦጦ አናት፣ ቴሌስኮፖቹ ወደተተከሉበት 3,200 ሜትር አካባቢ እንወጣለን። መገናኛ ያለው ሜርኩሪ ከ22 እስከ 23 ኢንች መካከል ይቆማል። እንጦጦ ያለው 20 ወይም 21 ላይ። ባሕር ጠለል ላይ፣ አሰብ ወይም ጅቡቲ ወደብ ብንተክለው ግን 30 ይጠጋ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የሚጫነን አየር ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህሉ ብቻ ነው። ማመን ካቃትዎ ወጥ ቤት ይግቡ፤ እዚህ ከተማ ውሃ የሚፈላው 100 ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሽምብራው ምድጃ ላይ የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጌጁ እንመለስ። ውስጡ ያለው በ1849 ፓሪስ ላይ ኧዤን ቡርዶን የባለቤትነት መብት ያወጣበት የታጠፈ ጠፍጣፋ የብረት ቱቦ ነው። ውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው ሲበልጥ ቱቦው ይዘረጋል፣ ሲያንስ ይጠቀለላል፤ መርፌው ደግሞ ይህንን እንቅስቃሴ ተከትሎ ይዞራል። ልብ ይበሉ፤ ጌጁ ስለ ባዶነት አያውቅም። የሚያውቀው በውስጥና በውጭ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ፓምፑ ከመኪናው ውስጥ አየሩን አሟጦ ቢያወጣ ልዩነቱ ከውጭው አየር በላይ ሊሆን አይችልም። የውጭው አየር 22 ተኩል ኢንች ከሆነ መርፌው 22 ተኩል ላይ ይቆማል፣ በቃ። እዚያው መኪና፣ እዚያው ፓምፕ፣ እንጦጦ ላይ ቢሆን 20 ወይም 21 ላይ ይቆማል። ባዶው ያው ባዶ ነው፤ የተለወጠው ውጭው ነው።

29 የሚለው ቁጥር የተጻፈው ባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ማኑዋሉ አልዋሸም፤ እኛ ነን ያለ አገሩ ያመጣነው። ተመሳሳይ ስህተት ሌላም ቦታ ይደበቃል። የጋዙን ግፊትና ሙቀት አዛምደው የሚያሳዩት ሰንጠረዦች አብዛኞቹ ለባሕር ጠለል ጌጅ የተሰሉ ናቸው። የካ ላይ ጌጁ ለዚያው ሙቀት ከ3 እስከ 4 ፒኤስአይ አብልጦ ያነባል። መካኒኩ ሰንጠረዡን እንዳለ ካመነ ኢቫፖሬተሩ በእውነት ካለበት 2 ዲግሪ ያህል ሞቆ ይታየዋል፤ ጥፋት የሌለበትን ነገር ለማስተካከል ይነሳል።

እንግዲህ ቫኪዩሙ ስለ ማፍሰስ ምንም አይነግረንም ማለት ነው? ይነግረናል፤ ግን የሚናገረው የቆመበት ቁጥር ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ነው። ፓምፑን ያጥፉና ቫልቩን ይዝጉ፤ ሰዓት ይያዙ። መርፌው ተንቀሳቅሶ በትንሹ ከተመለሰና ቀጥ ካለ ውስጡ የቀረ እርጥበት እየተነነ ሊሆን ይችላል፤ የውሃ ተን በ20 ዲግሪ ሙቀት መርፌውን ከአንድ ኢንች በታች ብቻ ነው የሚመልሰው። ሳያቋርጥ ወደ ዜሮ የሚጓዝ ከሆነ ግን አየር እየገባ ነው፤ ቀዳዳ አለ።

እሱም ቢሆን ደካማ ምስክር ነው። ቫኪዩም ሲደረግ የካ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገፋው ከ1 ባር በታች ነው። ኤሲው ሲሠራ ግን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋው ከ10 ባር ሊያልፍ ይችላል። ያረጀ ኦሪንግ ወደ ውስጥ ሲሳብ ቦታው ላይ ይጣበቅና ደህና መስሎ ያልፋል፤ ወደ ውጭ ሲገፋ ይለቃል። ስለዚህ መርፌው ንጹሑን መኪና ይከሳል፣ ጥፋተኛውንም በነጻ ያሰናብታል።

ሲያፈስ የሚሸት ዘመን

ታዲያ ቀዳዳው የት እንደሆነ በምን ይታወቃል? ይህ ጥያቄ ራሱ ዕድሜው አጭር ነው። መጀመሪያ የነበሩት የማቀዝቀዣ ጋዞች ሲያፈሱ ራሳቸውን ያጋልጡ ነበር። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ የቢራ ፋብሪካዎችና የሥጋ ማከማቻዎች የሚጠቀሙት አሞኒያ ያደረ በረት ይሸታል። አፍንጫ «እዚህ ቤት ውስጥ ነው» ይላል። ከዚያ ባለሙያው ድኝ የተቀባ እንጨት ለኩሶ ቧንቧው አጠገብ ያንቀሳቅሳል፤ አሞኒያው በሚወጣበት ቦታ ነጭ ጭስ ይፈጠራል። ቀላል፣ ርካሽ፣ አስተማማኝ።

ችግሩ አሞኒያ መርዝ መሆኑ ነው። ለቤት ፍሪጅ የመጡት ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ሜቲል ክሎራይድም ከሱ አይሻሉም። ሜቲል ክሎራይድ እንዲያውም ሽታው ደካማ ስለሆነ በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሰዎችን በተኙበት ገድሏል። በበርሊን አንድ ቤተሰብ ከፍሪጅ ባፈሰሰ ጋዝ ማለቁን ጋዜጣ ላይ ያነበበው አልበርት አይንስታይን ከሊዮ ዚላርድ ጋር ሆኖ የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው፣ ስለዚህም የሚያፈስ ማሰሪያ የማያስፈልገው ፍሪጅ መንደፉ ይነገራል። ንድፉ ገበያ አልወጣም። ያሸነፈው ሌላ ሐሳብ ነው፤ ማፍሰሱን መከልከል ሳይሆን የሚያፈሰውን ጋዝ ሰው የማይጎዳ ማድረግ።

በ1928 የጄኔራል ሞተርስ ኬሚስት ቶማስ ሚጅሊ ከአልበርት ሄኔ ጋር በኋላ አር-12 የተባለውን ጋዝ ለማቀዝቀዣ አበቃ። በ1930 በአሜሪካ የኬሚስትሪ ማኅበር ጉባኤ ፊት ጋዙን ወደ ሳንባው ስቦ፣ በትንፋሹ ሻማ አጠፋ። መርዝ አይደለም፣ አይነድም ማለቱ ነው። ጭብጨባ ይገባው ነበር። (ቤንዚን ውስጥ እርሳስ እንዲጨመር ያደረገውም ይኸው ሰው ነው፤ ከሁለቱ ግኝቶቹ የቱ የበለጠ እንደጎዳ ዛሬም ያከራክራል።) በ1939 መጨረሻ ፓካርድ ኤሲ ያለው የቤት መኪና ለገበያ አቀረበ። ወደኛ አገር ጭነት መኪና ለመድረስ ብዙ ዘመን ፈጅቷል። በፊያት 682 ኤን 3፣ ሹፌሮቻችን «ኤንትሬ» በሚሉት መኪና ዘመን፣ አሰብ ሲወረድ የሹፌሩ ኤሲ መስኮቱ ነበር።

አር-12 ሰውን ከመርዝ አዳነ፤ በምትኩ የወሰደው ነገር ግን አለ። ከዚያ በኋላ ማፍሰስ ሽታም፣ ቀለምም፣ ድምፅም አጣ። መካኒኩ የሚያገኘው ውጤቱን ብቻ ሆነ፤ «ኤሲው አይበርድም»።

አረንጓዴው ነበልባል

ሽታ ሲጠፋ መሣሪያ መጣ። የሩሲያው ኬሚስት ፍሪድሪኽ ባይልሽታይን በ1872 ክሎሪን ያለበት ነገር ከጋለ መዳብ ጋር ሲገናኝ ነበልባሉን አረንጓዴ እንደሚያደርግ አሳይቶ ነበር። ጋዝ ሠራተኞቹ ይህንን ወደ ፋኖስ ለወጡት። ትንሽ ነበልባል፣ በላዩ የጋለ መዳብ፣ ከሥሩ አየር የሚስብ ቀጭን ጎማ። የጎማውን ጫፍ በማያያዣዎቹ ሥር ያዞሩታል፤ ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ቀዳዳው እዚያ ነው፣ ብዙ ከፈሰሰ ሰማያዊ ይመታል። አር-12 ክሎሪን አለበትና ይያዛል። (የተቃጠለው ጋዝ ከሚፈጥራቸው ነገሮች አንዱ ፎስጂን የተባለው የአንደኛው የዓለም ጦርነት መርዝ ነው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይህንን ፋኖስ መጠቀም ብልህነት አይደለም።)

ሌላው መሣሪያ የተሠራው ጋራዥን ለማገልገል አልነበረም። እንግሊዛዊው ጄምስ ላቭሎክ በ1957 በሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር የሚሠራ፣ ክሎሪን ያላቸውን ሞለኪውሎች በማይታመን ትንሽ መጠን የሚለይ መሣሪያ ፈጠረ። በ1971 ይዞት ሻክልተን በምትባል መርከብ ላይ ተሳፈረና ከእንግሊዝ ወደ አንታርክቲካ በሚወስደው ጉዞ ላይ አየሩን ለካ። ሚጅሊ ከሠራቸው ጋዞች አንድ ዘመድ፣ አር-11፣ በለካበት ሁሉ ተገኘ። ፋብሪካ በሌለበት ውቅያኖስ መሀል ሳይቀር። ይህ እንግዲህ መላዋ ምድር ላይ የተደረገ የማፍሰስ ምርመራ ነው፤ ውጤቱም ዓለም ታፈሳለች የሚል ነበር።

ላቭሎክ ራሱ ጋዙ ጉዳት አለው ብሎ አላሰበም። ጉዳቱን ያዩት ማሪዮ ሞሊናና ሸርውድ ሮውላንድ ናቸው። የጠየቁት ጥያቄ ማንኛውም መካኒክ ሊጠይቀው የሚገባው ነው፤ የፈሰሰው የት ሄደ? በ1974 መልሳቸውን አወጡ። ጋዙ ከታች የሚበላው ነገር ስለሌለ አሥርት ዓመታት እየተንሳፈፈ ወደ ላይ ይወጣል፣ እዚያ የፀሐይ ጨረር ይሰብረዋል፣ ነጻ የወጣው ክሎሪን ኦዞንን ይበላል። በ1985 ጆሴፍ ፋርማንና ባልደረቦቹ አንታርክቲካ ላይ ኦዞኑ መሳሳቱን አሳወቁ። በ1987 የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ተፈረመ፤ ኢትዮጵያ በ1994 ተቀላቀለች። እንደኛ ያሉ አገሮች አር-12ን ሙሉ በሙሉ እንዲያቆሙ የተሰጠው ቀነ ገደብ 2010 ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ መኪና ሠሪዎች ወደ አር-134ኤ ተሻገሩ፤ ክሎሪን የለበትም፣ ኦዞን አይነካም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጸጥታ ሞተ። አር-134ኤ ክሎሪን ስለሌለበት አረንጓዴው ፋኖስ አያየውም። ሃምሳ ዓመት ያህል ሲታመን የኖረ መሣሪያ፣ መካኒኩ በአዲሱ ጋዝ ላይ ሲያበራው ነበልባሉ እንዳለ ይቀራል፣ «አያፈስም» ይላል። ለአር-12 የተሠሩ አንዳንድ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችም እንዲሁ ደንቆሮ ሆኑ። እያንዳንዱ የማፍሰስ መርማሪ የተወለደው ለአንድ ጋዝ ነው፤ ጌጁ ለአንድ ከፍታ እንደተወለደው ሁሉ።

ስለዚህ ያረጀ መኪና ይዘው ሲመጡ የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ያፈሳል?» ሳይሆን «ምን ጋዝ ነው ያለበት?» መሆን አለበት። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠራ ከሆነ ሲወለድ አር-12 ነበረበት፤ ኋላ ሰው ወደ አር-134ኤ ቀይሮት ሊሆን ይችላል። የድሮው ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር አይዋሃድም፤ የድሮው ጎማና ኦሪንግም ለአዲሱ አልተሠራም። ጋዙ ብቻ ተቀይሮ ዘይቱና ኦሪንጉ ካልተቀየሩ መኪናው ዕድሜ ልኩን ሲያፈስ ይኖራል፣ እርስዎም ዕድሜ ልክዎን ሲያስሞሉ።

ማስሞላቱ ነገሩን ያባባሰዋል። አር-134ኤ ኦዞን አይነካም እንጂ ምድርን በማሞቅ ኃይለኛ ነው፤ በ100 ዓመት ስሌት አንዱ ኪሎ ከ1,400 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህላል። የጭነት መኪና ኤሲ የሚይዘው ብዙ ጊዜ 1 ኪሎ አካባቢ ነው። ያ አንድ ኪሎ ፈሰሰ ማለት ከ500 ሊትር በላይ ናፍጣ ተቃጠለ እንደማለት ነው፣ መኪናው አንድ ሜትር ሳይሄድ። በ2016 ኪጋሊ ላይ አገሮች ይህንንም ጋዝ ቀስ በቀስ ለመቀነስ የተስማሙት ለዚህ ነው።

ብርዱ የሚደብቀው

አሁን ወደ ጋራዡ እንመለስ፤ የካ ሌላም ተንኮል አለባት። ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውሃ አጠገብ ሲሰፍሩ ካስገደዷቸው ነገሮች አንዱ ብርዱ ነበር። ያ ብርድ ዛሬ መካኒኩን ያታልላል።

ኤሲው ሳይሠራ ሲቆም፣ ውስጡ ጠብታ ፈሳሽ ጋዝ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው የጋዙ ብዛት ሳይሆን ሙቀቱ ነው። ሙሉም ይሁን ግማሽ፣ ጌጁ አንድ ዓይነት ያነባል። «ግፊት አለው፣ ጋዝ አለው» ማለት ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ትክክለኛው መንገድ ጋዙን አውጥቶ በሚዛን መመዘን ነው። ሁለተኛው ነገር፣ አር-134ኤ ኮተቤ ላይ በ10 ዲግሪ ጠዋት የሚኖረው ግፊት 4 ባር አካባቢ ሲሆን፣ ሚሌ ላይ በ40 ዲግሪ 10 ባር ይሆናል። ኤሲው ሲሠራ በኮንደንሰሩ በኩል ከዚያም በላይ። እዚህ ላይ ያሸለበች ቀዳዳ እዚያ ትነቃለች። የኤሲውን መበላሸት ሹፌሩ የሚያየው ቆላ ሲወርድ ነው፣ መኪናውን የሚያሳየው ግን ደጋ ላይ፣ ጃኬት ለብሶ። በካራ ወጥቶ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማ በርን ከ3,000 ሜትር በላይ ተሻግሮ፣ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርድ ሹፌር በአንድ ጉዞ ውስጥ ከ2,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጓዛል። መኪናው ኮተቤ ላይ «ደህና ነው» ተብሎ መውጣቱ ሐሰት አይደለም፤ ኮተቤ ላይ ደህና ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ዓይን። ጋዙ ሲወጣ ከኮምፕሬሰሩ ዘይት ይዞ ነው የሚወጣው። የመንገዱ አቧራ ዘይቱ ላይ ይለጠፍና ጥቁር፣ እርጥብ የመሰለ እድፍ ይሠራል። ደረቅ አቧራ መሀል እንዲህ ያለ እድፍ ካዩ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ባረጀ ጭነት መኪና ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የኮምፕሬሰሩ ዘንግ ፊት ያለው ማሸጊያ ነው፤ ወር ሁለት ወር የቆመ መኪና ላይ ይደርቅና ይለቃል። ሁለተኛው ከፊት ለፊት ሆኖ የመንገዱን ጠጠር ሁሉ የሚቀበለው ኮንደንሰር ነው። ጎማ ቱቦው ከብረቱ ጋር የታሰረበት አንገትም አለ፤ ጋቢናው ሲወዛወዝ እሱም ይወዛወዛል። አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ጋዝ የሚሞላበት ቫልቭ ነው፤ እንደ ጎማ ቫልቭ ያለች ትንሽ ነገር፣ ክዳኗ ጠፍቶ አቧራ የገባባት። ኮምፕሬሰር ከመቀየሩ በፊት እሷን ማየት ምንም አያስከፍልም። ዳሽቦርድ ውስጥ የተደበቀው ኢቫፖሬተር ከሁሉ ያስቸግራል፤ ሰዎች የሚደርሱበት ሌላው ሁሉ ንጹሕ ሲሆን ነው፣ እኔም በዚሁ ቅደም ተከተል እስማማለሁ።

ቀጥሎ ግፊት። ደረቅ ናይትሮጅን በተቆጣጣሪ ቫልቭ፣ አምራቹ ከፈቀደው ሳያልፉ ያስገቡና ላርጎ በውሃ በጥብጠው ማያያዣዎቹን ሁሉ ይቀቡ። አረፋው በአንዴ ባይነሳ አይቸኩሉ፤ ትንሽ ቀዳዳ ደቂቃዎች ሊወስድባት ይችላል። አንድ ነገር ግን በጥብቅ፦ ናይትሮጅን ጠፋ ተብሎ ከመበየጃው ሲሊንደር ኦክስጅን እንዳይገባ። ግፊት ያለበት ኦክስጅን ከኮምፕሬሰሩ ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ይህ ምክር ሳይሆን ክልክል ነው።

የኤሌክትሪክ መርማሪ ካለ ለአር-134ኤ የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ። ጋዙ ከአየር ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ወደ ታች ነው የሚፈሰው፤ የመሣሪያውን አፍንጫ ከማያያዣው በላይ ሳይሆን ከሥሩ ያዙሩት፣ ቀስ እያሉ። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ጋዙን ጠርጎ ስለሚወስደው ደጅ ላይ በነፋስ መፈለግ ድካም ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ፣ በሩን ዘግቶ ነው የሚሠራው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተገኘስ? ያኔ ቀዳዳዋ እዚህ ከፍታና ብርድ ላይ የማትታይ ናት፤ መኪናው ራሱ ቆላ ወርዶ እንዲያመጣት ማድረግ ነው። ዘይቱ ውስጥ የሚቀላቀል፣ በልዩ መብራት ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ የሚያበራ ቀለም አለ። ጋዙን በሚዛን ሞልተው፣ ቀለሙን ጨምረው ሹፌሩን ወደ ሚሌ ይላኩት፤ ምን ያህል ኪሎ እንደገባም ወረቀት ላይ ይጻፉለት። ሲመለስ ጋራዡን ያጨልሙና መብራቱን ከኮንደንሰሩ ጀምረው ወደ ኋላ ያዙሩ፣ የቫልቩን ክዳንም ሳይረሱ።